አንድ ጣሳ ስንት ኪሎ ነው?

ትምህርቱን ጨርሶ በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና ወይም በደጀን በአንድ መሥሪያ ቤት የተመደበ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ የሚማረው የመዝገብ አያያዝና የደብዳቤ አጻጻፍ ይመስለው ይሆናል። ዳሩ ግን የመጀመሪያው ደመወዝ ከእጁ ገብቶ የወር ቀለብ ለመሸመት ገበያ ሲወጣ፣ ዓመታት ሙሉ በግራምና በሊትር ሲያሰላ የኖረው ሰው በአንድ አሮጌ ጣሳ ፊት ቆሞ ግራ ሲጋባ ይገኛል። ጤፉ በጣሳ፣ ሽሮው በጣሳ፣ ቅመሙ በስኒ፣ ድንቹ በመደብ፣ ጎመኑ በእስር፣ ቅቤው በኪሎ፣ ዘይቱ በሊትር ነው። ቤቱ ገብቶ ከጓደኛው የተዋሰውን የምግብ አሠራር መጽሐፍ ሲገልጥ ደግሞ መጽሐፉ 250 ግራም ሽሮ ይለዋል። እንግዲህ 250 ግራም ሽሮ የጣሳው ስንት እጅ ነው?

ይህንኑ ጥያቄ በደብረ ማርቆስ ገበያ ጤፍና ገብስ ጎን ለጎን ዘርግተው ለሚሸጡ አንዲት እናት አቅርቤላቸው ነበር። «እናቴ፣ ይህ ጣሳዎ ስንት ኪሎ ይይዛል?» ብላቸው ቀና ብለው አዩኝና «ምን ተሰፍሮበት፣ ልጄ?» አሉኝ።

የፊዚክስ መምህራን እፍጋት ብለው በሰሌዳ ላይ ጽፈው አንድ ሰዓት የሚያስረዱትን እኒህ እናት በሦስት ቃል ጨረሱት። ጣሳ የሚለካው ቦታን ነው፤ ሚዛን የሚለካው ክብደትን ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር የሚሰፈረው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ ማወቅ ግድ ነው።

ድልድዩ ውኃ ነው። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1795 የሜትርን ሥርዓት በሕግ ሲያቋቁሙ ግራም የአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ንጹሕ ውኃ ክብደት ይሁን ብለው ስለ ወሰኑ፣ አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ሆኖ ቀረ። እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ ሊቃውንቱ የኪሎን ትርጉም ከውኃም ከብረትም አላቀው በአንድ የተፈጥሮ ቋሚ ቁጥር ላይ አቁመውታል፤ ይሁን እንጂ ይህ ለውጥ ለወጥ ሠሪ የሚያመጣው አንዳችም ነገር የለም። አንድ ሊትር የሚይዘው የውኃ ፕላስቲክ፣ ሁላችን ሃይላንድ የምንለው ማለት ነው፣ በየቤቱ አለ፤ እርሱ ካለ የልኩ መነሻ አለ።

እንግዲህ ልክ አንድ ሊትር ውኃ የሚይዝ ጣሳ አለን እንበል። ውኃ ሲሞላበት 1,000 ግራም ይመዝናል። ጤፍ ሲሞላበት ከ800 እስከ 850 ግራም ግድም ነው፤ ምክንያቱም የጤፍ ቅንጣት እጅግ ደቃቅ ስለ ሆነች እርስ በርሷ ተጠጋግታ ለአየር ብዙ ቦታ አትተውም። ጥሩ ስንዴ 770 ወይም 800 ይሆናል። ገብስ ቅርፊቱ ስለሚያጎፈንነው ከ600 እስከ 650 ነው። ዱቄት ሲሆን ወደ 550 ይወርዳል፤ የተፈጨ በርበሬ ከ400 እስከ 500 ይሆንና ከግማሽ ኪሎ አያልፍም። ስኳር 850 ነው። ደቃቅ ጨው ግን 1,200 ይደርሳል፤ ማር ደግሞ 1,400 ያልፋል። ዘይትና ቅቤ ከውኃ ይቀላሉና ከ910 እስከ 920 ግራም ናቸው። ጣሳው ያው አንዱ ጣሳ ነው፤ በርበሬ ሲሰፈርበትና ማር ሲሰፈርበት ግን ልዩነቱ ሦስት እጥፍ ነው። ያ ወጣት የፈለገው 250 ግራም ሽሮም ዱቄት እንደ መሆኑ የዚህ ጣሳ ግማሽ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይገኛል።

አባቶቻችን ይህን አያውቁም ነበር የሚል ሰው ካለ ይሳሳታል። የእህሉ መስፈሪያ ቁና ነበር፤ ሃያ ቁና አንድ ዳውላ ይባል ነበር፤ የጭነቱ ደግሞ ጫን ነበር። ክብደት ሲያስፈልግ ወቄትና ፈረሱላ ነበሩ። ወቄቱ በብዙ ስፍራ የአንድ ማርያ ቴሬዛ ብር ክብደት ነበር፤ ይኸውም 28 ግራም ያህል ነው። ነጋዴው በሚዛኑ በአንድ ወገን ዕቃውን፣ በሌላው ወገን ብሩን ያኖራል፤ 1780 የሚል ዓመት የታተመበት ያ ብር በአንድ ጊዜ ገንዘብም የሚዛን ድንጋይም ነበር ማለት ነው። ስድስት መቶ ብር ሲከመር 16.8 ኪሎ ይሆናል፤ ዛሬ በቡናና በዛላ በርበሬ ንግድ 17 ኪሎ ብለን የምንይዘው ፈረሱላ ከዚህ እጅግ አይርቅም። ከደብረ ማርቆስ በስተ ደቡብ በየጁቤ አካባቢ የነበረው የባሶ ገበያ በ19ኛው መቶ ዓመት ከጎጃም ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ከአባይ ማዶ ቡናና ወርቅ፣ ከሰሜን አሞሌ ጨው ይመጣበት ስለ ነበር፣ እዚያ የሚውል ነጋዴ ከአንዱ ልክ ወደ ሌላው በቃሉ ማስላት ካልቻለ ከስሮ መግባቱ ነው።

ችግሩ ቁናው አንድ አለመሆኑ ላይ ነው። የአንዱ አገር ቁና ከሌላው ይበልጣል፤ በአንድ ገበያ ውስጥ እንኳ የመግዣውና የመሸጫው ቁና እየተለያየ ስንቱን አጣልቷል! በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም የሚለው ተረት ከየት እንደ ተወለደ ለመገመት ሊቅ መሆን አያሻም። የጎጃም ገበሬ ሰፋሪና ለኪ ሲመጣ በጥርጣሬ የሚያይበት ምክንያት ነበረው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲወጣ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት የተነሣው አመፅ ከግብሩ ይልቅ ከግብሩ በስተ ኋላ መሬቱን የሚለካ ቀላድ ይመጣብናል ከሚል ሥጋት የተቀሰቀሰ ነበር። ይህ ራሱን የቻለ ታሪክ ስለ ሆነ እዚህ ላይ ልተወውና ወደ ጣሳዬ ልመለስ።

ስለ ቁናው ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ቁና አፈ ሰፊ ነው፤ እህሉም የሚሰፈረው እስኪቆለል ድረስ ነበር። አፉ 24 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ በአፉ ልክ ሲጠረግ 5 ሊትር የሚይዝ አንድ ቁና እናስብ። እህል ሲከመር የቁልሉ ከፍታ ከአፉ ስፋት ሩብ ያህል ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ ይናዳል። በሒሳብ መምህራን ቀመር ሲሰላ ቁልሉ ብቻውን 900 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከመቶ 18 ማለት ነው። አሁን አፈ ጠባቡን የአንድ ሊትር ጣሳ እንውሰድ። አፉ 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ቁልሉ 65 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከመቶ 6 ተኩል። አምስት ጣሳ ቆልሎ የሰፈረ ሰው አንድ ቁና ቆልሎ ከሰፈረው ከግማሽ ሊትር በላይ ያንሳል። ስለዚህ ቁናው በጣሳ ሲተካ ማንም ሳይሰርቅ፣ ማንም ሳያጭበረብር፣ የገዢው ቁልል ከመንገድ ቀረ። «መርቂልኝ እንጂ» እያልን ዛሬ የምንለምናት ምራቂ የዚያ የጠፋው ቁልል ምትክ ትመስለኛለች፤ አንድ እፍኝ ቢጨመርልን እንደ ችሮታ ቆጥረን አመስግነን እንሄዳለን።

መንግሥት ይህን ሁሉ ለማስተካከል እ.ኤ.አ. በ1963 የሚዛንና የመስፈሪያ አዋጅ አውጥቶ የሜትር ሥርዓት የአገሩ ሕጋዊ ልክ እንዲሆን ደነገገ። ኪሎውና ኩንታሉም በእርግጥ ገቡ። ይሁንና ሕዝቡ ስሙን ተቀብሎ ነገሩን በራሱ መንገድ መለሰው። ኩንታል ማለት 100 ኪሎ ነው፤ ነገር ግን ዛሬ አንድ ሰው አንድ ኩንታል ከሰል ገዛሁ ሲል መቶ ኪሎ ከሰል ገዛሁ ማለቱ አይደለም፤ የኩንታሉን ከረጢት ሙሉ ማለቱ ነው። የክብደት ስም የነበረው የመያዣ ስም ሆነ። ከእርሱ የባሰው ማዳበሪያ ነው። 50 ኪሎ ዩሪያ የመጣበት ከረጢት ዩሪያው ማሳ ላይ ከተበተነ በኋላ ራሱ ማዳበሪያ ተብሎ የእህል መስፈሪያ ሆኖ ያገለግላል። ያ ከረጢት እኩል ተሞልቶ ጤፍ ሲጨመርበት ከ50 ኪሎ በላይ፣ ገብስ ሲጨመርበት ከ50 በታች ነው። በአንድ ማዳበሪያ ይህን ያህል ብር ተብሎ ሲዋዋሉ ሃምሳ ኪሎ ነው ብሎ በልቡ የሚያስብ ጀማሪ ሸማች ብዙ ነው።

ታዲያ ጣሳው ይጣልና ሁሉም በሚዛን ይሁን የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔም መጀመሪያ የታየኝ ይኸው ነበር። ነገሩን ስመረምረው ግን ሚዛንም ብቻውን ቢቆም የሚደብቀው ነገር አለው። ስንዴ ነቀዝ ሲበላው ውስጡ ባዶ ይሆናል እንጂ ቅርፊቱ ቦታውን አይለቅም፤ ስለዚህ በጣሳ የሚገዛ ሰው ጣሳው ሞልቶለት አየር ተሸክሞ ይሄዳል። በሚዛን ቢገዛ ከዚህ ይድናል። እህሉ በደንብ ሳይደርቅ ወይም ውኃ ተርከፍክፎበት ቢመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከመቶው 12 እጅ እርጥበት ያለው ደረቅ ስንዴና 16 እጅ እርጥበት ያለው ስንዴ እያንዳንዳቸው አንድ ኩንታል ቢመዘኑ፣ ሁለተኛውን የገዛው 4 ኪሎ ውኃ በስንዴ ዋጋ አስልቶ ከፍሏል። ይባስ ብሎ ያ እርጥበት በጎተራ ውስጥ ሻጋታ ያስነሣበታል።

በዓለም ያሉ የእህል ነጋዴዎች ለዚህ ያገኙት ብልሃት ሁለቱን ልኮች ባንድነት መያዝ ነው። ስንዴ ሲረከቡ ክብደቱን ብቻ አይጠይቁም፤ መቶ ሊትሩ ስንት ኪሎ ነው ብለው ይጠይቃሉ። 76 ኪሎና ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሬው የሞላ ነው ይላሉ፤ 70 ካልደረሰ ቀጭጯል ወይም ተበልቷል ወይም እርጥብ ነው ብለው ዋጋ ይቀንሳሉ። እርጥበት ፍሬውን ስለሚያሳብጠው ኪሎው ቢጨምርም የሊትሩ ክብደት ይቀንሳል፤ በጤፍም እንዲሁ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። የጣሳችሁን ልክ ካወቃችሁ፣ ሞልታችሁ ከባለ ሱቁ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። አንድ ሊትር ጤፍ 700 ግራም ብቻ ከሆነ ወይ ገለባ ተቀላቅሎበታል ወይ እርጥብ ነው፤ ሻጩን በጨዋ ደንብ ጠይቁት። በማርም ቢሆን ይህ መንገድ ይሠራል፤ ጎጃም የማር አገር ነውና ማለፍ አይገባኝም። ሊትሩ ከ1,400 ግራም እየጎደለ የሚሄድ ማር ውኃ ገብቶበታል። በስኳር ሽሮፕ የተበረዘውን ግን ይህ ሚዛን ላያጋልጠው ይችላል፤ ወፍራም ሽሮፕም ከባድ ነው።

የጣሳን ልክ ማወቅ ቀላል ነው። ባዶውን ጣሳ መዝኑ፤ ውኃ ሞልታችሁ ደግሞ መዝኑ፤ ልዩነቱ በግራም ስንት እንደ ሆነ በሚሊ ሊትርም ያው ነው። 870 ከሆነ በምስማር ጫፍ ከጎኑ 870 ብላችሁ ጫሩበት። ስኒውንም ማንኪያውንም እንዲሁ አድርጉ። የቡና ስኒ ብዙውን ጊዜ 70 ወይም 80 ሚሊ ሊትር ይይዛል፤ ሆኖም የስኒው ዓይነት ብዙ ስለ ሆነ የሰው ቁጥር ሳትወስዱ የራሳችሁን ለኩ።

አሁን ወደ ባልትናው እንግባ፤ ዋናው ጭንቅ እዚያ ነውና። ከቤተሰቧ ርቃ የምትኖር አንዲት የመሥሪያ ቤት ባልደረባ ሁለት ኪሎ በርበሬ ልታዘጋጅ ትፈልጋለች እንበል። እናቷ በስልክ የሚሰጧት ቀመር የአንድ ፈረሱላ ነው፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም በኩል በርበሬ በሚበቅልበት አገር ሁለት ኪሎ በርበሬ ብሎ ነገር ማን ያውቃል? ለምሳሌ ያህል እናትየው «ለፈረሱላው ሦስት ጣሳ ጨው» ይላሉ፤ ልኩ በየቤቱ ስለሚለያይ ይህ አብነት ብቻ ነው። ልጅቱ ጣሳን ኪሎ ናት ብላ ብታስብ ሦስት ኪሎ ትይዛለች። ጣሳው የአንድ ሊትር ከሆነ ግን ሦስት ጣሳ ደቃቅ ጨው 3.6 ኪሎ ነው። ፈረሱላው 17 ኪሎ፣ የእርሷ በርበሬ 2 ኪሎ ስለ ሆነ ሁሉም በ8 ተኩል ይካፈላል፤ ጨዉ 424 ግራም ይሆናል፣ ወይም በመስፈሪያ 350 ሚሊ ሊትር፣ ይኸውም 23 ወይም 24 የሾርባ ማንኪያ በአፉ ልክ። በስሕተቱ ብትሄድ ኖሮ 353 ግራም ትጨምር ነበር። እናትየው በሙቀጫ የወቀጡትን ሻካራ ጨው ለክተው ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይለወጣል፤ ሻካራ ጨው በመካከሉ አየር ስለሚበዛው ጣሳው ይቀልላል። ሌላም ጥያቄ አለ፤ ፈረሱላው የተመዘነው በርበሬው ከመቀንጠሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ግንዱ ወጥቶ፣ ፍሬው ተራግፎ፣ ፀሐይ ላይ ከደረቀ በኋላ 17 ኪሎ የነበረው 17 ኪሎ አይደለም። ሴት ልጅ ከእናቷ ቀመር ስትቀበል ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን በምን ተሰፍሮ፣ መቼ ተመዝኖ ብላ መጠየቅ ይገባታል። ወንዶቹም ቢሆኑ ማለቴ ነው፤ በርበሬ መደለዝ የሴት ብቻ ነው የሚል ሕግ አላየሁም።

ዱቄት ከሁሉ የባሰ አታላይ ነው። አንድ ጣሳ ጤፍ ወፍጮ ቤት ገብቶ ሲወጣ አንድ ጣሳ ተኩል ያህል ዱቄት ይሆናል፤ እህሉ የሄደበት ከረጢት ዱቄቱን አልችል የሚለው ለዚህ ነው። በረከተ የሚሉ አሉ፤ የበረከተው ግን አየሩ ነው፤ ክብደቱ እንዲያውም ብናኝ ስለሚወጣበት በጥቂቱ ይቀንሳል። ያው ዱቄት በአውቶቡስ ጣራ ላይ ተንቀጥቅጦ አዲስ አበባ ሲደርስ ተመልሶ ይረጋል። አሜሪካኖች በኩባያ የመስፈር ልማድ አላቸው፤ ኩባያቸው 237 ሚሊ ሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1896 በቦስተን የምግብ አሠራር መጽሐፏን ያሳተመችው ፋኒ ፋርመር ኩባያውና ማንኪያው በቢላዋ ጀርባ ተጠርጎ በአፉ ልክ ይሁን ብላ ስላስተማረች ስሟ እስከ ዛሬ ይነሣል። እንዲህም ሆኖ አንድ ኩባያ የስንዴ ዱቄት በማንኪያ ቀስ ተብሎ ሲሞላ 120 ግራም፣ ኩባያው ዱቄቱ ውስጥ ተነክሮ ሲዛቅ 150 ግራም ይሆናል። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከዚያ አገር መጽሐፍ ዳቦ ጋግረው ድንጋይ ሆነብን የሚሉት ብዙ ጊዜ እርሾውን ይወቅሳሉ፤ ምናልባት ወቀሳው ለኩባያው ይገባ ይሆናል። ለዱቄት ትንሽ ሚዛን መግዛት ገንዘብ ማባከን አይደለም። ለወጥ ግን ምንም አይጠቅምም፤ የሽንኩርት ልክ በዓይን ይበቃል።

ልኩ ሕይወት የሚሆንበት ጊዜም አለ። ሕፃን ተቅማጥ ይዞት ከሰውነቱ ውኃ ሲያልቅ የሚጠጣው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር በጤና ድርጅቶች ቀመር ለአንድ ሊትር ውኃ 20.5 ግራም ሆኖ በከረጢት የታሸገ ነው፤ ጤና ኬላ ካለ እርሱን ማምጣት ይቀድማል። ከረጢቱ በማይገኝበት ሌሊት ግን በገጠር ቤት ሚዛን የለም፤ ማንኪያ ነው ያለው። ስለዚህ ሐኪሞቹ ግራሙን ወደ ማንኪያ መለሱት፤ ለአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ስኳሩ 25 ግራም፣ ጨዉ 3 ግራም ያህል ነው። እዚህ ላይ ቁልል የለም፤ ምራቂም የለም፤ ሁሉም በአፉ ልክ ተጠርጎ ነው። ጨው ከስኳር እንደሚከብድ ከላይ አይተናል፤ ግማሹን ማንኪያ ቆልሎ የጨመረ ሰው ሕፃኑን ሊያድን ብሎ ጨዉን እጥፍ ሊያደርግበት ይችላል፤ የበዛ ጨው ደግሞ ለሕፃን አደገኛ ነው።

በባንግላዴሽ ብራክ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ባሉት ዐሥር ዓመታት ሠራተኞቹን ከ12 ሚሊዮን በላይ ወደሚሆኑ ቤቶች ልኮ እናቶችን አስተምሯል። ማንኪያ እንኳ በየቤቱ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ ስላወቁ ልኩን በእጅ ላይ አደረጉት፤ ጨዉ በሦስት ጣት ቁንጥጫ፣ የሸንኮራው ጥቁር ስኳር በአንድ እፍኝ፣ ውኃው ግማሽ ሊትር ገደማ በሚሆነው በአገሩ መስፈሪያ። የሠራተኛው ክፍያም የተማሩት እናቶች በትክክል መቀመም ከመቻላቸው ጋር የተያያዘ ነበር።

በእኛ ቤት የሚደረገው እንዲህ ነው። እጅ በሳሙና ይታጠባል፤ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በሃይላንዱ አንድ ሊትር ይለካል፤ ጨዉ ብቻ አስቀድሞ ይጨመርና እስኪሟሟ ይበጠበጣል፤ ከዚያ ይቀመሳል። ከእንባ የበለጠ ጨዋማ ከሆነ ይደፋል፤ እንደ ገና ይለካል። ካልሆነ ስኳሩ ይጨመርና ለሕፃኑ በማንኪያ በማንኪያ፣ ቀስ እየተባለ ይሰጠዋል፤ ሲነጋም ወደ ሐኪም ይዞ መሄድ ነው።